አማት የተቀመጡበት ክራር

ወይዘሮ ወርቅውሃ የተቀመጡት ክራር ላይ ነበር። በእርግጥ እሳቸው ይህን አላወቁም። በጠዋት ከጥያ ሚኒባስ ተሳፍረው፣ የሰው ጆንያ ጉልበታቸውን ሲደቁሰው ቆይቶ፣ ቡታጅራ መናኸሪያ ወርደው የነሐሴን ጭቃ እየረገጡ የልጃቸው የትርሲት ቤት ሲደርሱ ዐይናቸው የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቀመጫ። በዚያ ቤት ደግሞ ባዶ መቀመጫ የሚባል ነገር አልነበረም። አንደኛው ወንበር ተገልብጦ በእግሮቹ መካከል ሁለት እንጨት በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ታስሮበታል። ሁለተኛው ላይ ውኃ የሞላ ጀሪካን ተጭኗል፤ ከጀሪካኑ ሥር ጣውላ፣ ከጣውላው ሥር ደግሞ የሆነ ነገር አለ። አልጋው ላይ እንኳን ሰው ዝንብም ማረፊያ የላትም፤ ፍራሹ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል፣ ከአልጋው ሳንቃ ተነሥቶ እስከ ጣሪያው ወራጅ ድረስ አምስት የቀርከሃ ዘንጎች ጎብጠው ተወጥረዋል። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ዝቅ ያለ፣ በአራት የታጠፈ ብርድ ልብስ የለበሰ ነገር አዩ። «ተመስገን!» አሉና ለቀቁበት። ወይዘሮ ወርቅውሃ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው፤ ሲቀመጡም ለይስሙላ አይቀመጡም። ከሥራቸው ቂጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ትርሲት ማሰሮ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ባሏ አስረስ ደግሞ ከብርድ ልብሱ ላይ ገና አሁን ያነሣውን የወፍጮ መጅ እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል። የድንጋዩን ቦታ ሊያስተካክል ነበር ያነሣው፤ ሲዞር አማቱ ተቀምጠውበታል። አስረስ ትርሲትን ካገባ አራት ዓመቱ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አማቱን ጎንበስ ብሎ ጉልበት ከመሳምና «እንደምን ሰነበቱ» ከማለት በቀር አንዲት ቃል ተናግሯቸው አያውቅም። ቀና ብሎ ፊታቸውን እንኳ አያይም። አማት ይከበራል፣ አማት ይታፈራል ሲባል ያደገ ሰው ነው። የሚፈልገው ነገር ካለ ለትርሲት ይነግራታል፤ ትርሲት ለእናቷ ትነግራለች፤ እናቷም እዚያው ፊት ለፊቱ ተቀምጠው መልሱን ለትርሲት ይሰጣሉ። ስለዚህ «የተቀመጡበት ክራር ነው» ሊላቸው አልደፈረም። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ሲስም ግን አንገቱን አጣሞ ከብርድ ልብሱ ሥር ሲያጮልቅ ትርሲት አየችው። ቀና ሲል ፊቱ በርቷል። በአገጩ ወደ ማድቤቱ ጠቀሳት።

አስረስ አልጋና ቡፌ ሲሠራ የኖረ አናጢ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ክራር ይዞታል፤ እንደ ወባ ነው የያዘው። የድሮው ዓይነት ክራር ገበቴው ላይ ቆዳ ይወጠርበታል፣ ያልቃል። የአሁኖቹ ክራር መቺዎች ግን የሚፈልጉት ሣጥኑ ከእንጨት የሆነ፣ ፊቱ በስስ ኮምፔንሳቶ የተለበጠ፣ ድምፅ ማጉያ ላይ ሲሰካ የማይጮህባቸው ነው። ፊቱ ከሣጥኑ ጋር የሚያያዘው በኮላ ነው፤ ኮላ ደግሞ እስኪደርቅ አጥብቆ የሚይዝለት ከሌለ ውኃ ነው። አራቱም ማዕዘን እኩል ተጨቁኖ ካልደረቀ አንዱ ይነሣል፣ አንዱ ከተነሣ ክራሩ እንደ ጣሳ ይንኳኳል። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሞርሳ የሚባል ጠምዝዘው የሚያጠብቁት ብረት አለ። አስረስ ያለችው አንዲት ሞርሳ ጥርሷ አልቋል፤ ታላምጣለች እንጂ አትነክስም። አዲሱ መርካቶ ውስጥ አንዱ መቶ ሃያ ብር ነው፣ የቤት ኪራያቸው ራሱ መቶ ብር። እናም ቤቱን በሙሉ ሞርሳ አደረገው። ወንበሩ፣ ጀሪካኑ፣ አልጋው፣ የቡፌው መሳቢያ፣ ጣሪያው ሳይቀር አንዳንድ ነገር ጨቁኖ ይይዛል። ትርሲት ወጥ ልታማስል ስትል መጀመሪያ ማማሰያዋን ከአንዱ ክራር ላይ ትፈታለች።

ይህ ሁሉ ለሌላ ሴት እብደት ነው፤ ትርሲት ግን ወዳዋለች። የጠመዘዘው አውታር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሲሰጥ አስረስ ምን እንደሚመስል ያየችው እሷ ብቻ ናት፤ ያንን ፊት በምንም አትለውጠውም። ክፉው ነገር ታላቅ ወንድሟ ኃይሌ መርካቶ ቴርሞስና ሳህን በጅምላ የሚሸጥ ሰው መሆኑ ነው። በፋሲካ መጥቶ ቤቱን አየና «ሰው ዕቃ ቤት ውስጥ ይኖራል እንዴ?» አለ። ከሱቁ ጀርባ መስኮት የሌላት ክፍል አለችው፤ እዚያ ይገባሉ፣ አስረስም ሱቅ ይቆማል። እናትየዋ «ወንድምሽን ስሚ» ብለው ዘጉት፤ ትርሲት ደግሞ ለእናቷ እምቢ ብላ አታውቅም። አስረስ በጭንቁ «እስከ አዲስ ዓመት አንድ ክራር ሳይከፈት ካላስረከብኩ እንመጣለን» ብሎ ቃል ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክራር ሠራ። ሁለቱም በዚያችው በግራ ማዕዘን ተከፈቱ። ሦስተኛው አሁን ከወይዘሮ ወርቅውሃ ሥር ነው።

«ተዘጋ!» አለ አስረስ ማድቤት እንደገቡ፤ በሹክሹክታ ቢሆንም ምድጃው ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው። «በመጁ፣ በጀሪካኑ፣ በሽብልቁ እምቢ ያለችው ማዕዘን ተዘጋች! ኮላው ዙሪያውን እኩል ወጥቷል፣ በዓይኔ አየሁት። እንዳይነሡ!»

«እናቴ?»

«እናትሽ! በበጋ ቢሆን ሁለት ሰዓት ይበቃ ነበር። በዚህ ዝናብ ግን ኮላው እስከ ምሽት አይዝም። እስከ ምሽት ይቀመጡልኝ።»

ትርሲት መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር። እናቴን ድንጋይ አደረግሃት ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። እሱም የመጁን ድንጋይ እንዳቀፈ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከወዲያ «ምን ሆናችሁ?» የሚል የእናቷ ድምፅ ሲመጣ ይባስ ብሎባቸው ተደጋግፈው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ትርሲት ዐይኗን ጠርጋ ስትመለስ እናቷ በኮባ ጠቅልለው ያመጡትን ቆጮ የቃጫ ገመዱን እየፈቱ ነበር። ሳይፈቱት በፊት ግን የሆዳቸውን ተናገሩ። «ኃይሌ ዛሬ ይመጣል። የሚያውቀው አይሱዙ ሆሳዕና ዕቃ አራግፎ ባዶውን ከሚመለስ ዕቃችሁን ይጫን ብሎ ነው። ሸክፉ።» የትርሲት ሳቅ እዚያው ደረቀ። አዲስ ዓመት ገና ነው ልትል አሰበች፤ አላለችም። እናቷ ቆጮውን ከኮባው አወጡ፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር።

ከዚያ በኋላ የትርሲት ቀን በሙሉ እናቷን እንዳይነሡ የመጠበቅ ቀን ሆነ። ወይዘሮ ወርቅውሃ ደግሞ የሚነሡበት ሰበብ አያጡም። ቆጮውን እኔ ልክተፍ ይላሉ፤ ትርሲት መክተፊያውን ጉልበታቸው ላይ ታመጣላቸዋለች። እጄን ልታጠብ ይላሉ፤ ማስታጠቢያው ይመጣል። ደጁን ልይ ይላሉ፤ በሩ ወለል ተደርጎ ይከፈታል። «እማዬ፣ አንቺ ብቻ ተቀመጪ» ስትል በመጨረሻ እናቷ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«አንቺም ጀመርሽ? እዚያም ተቀመጪ፣ እዚህም ተቀመጪ! ኃይሌ ሠራተኛ ቀጠረልኝና እንሰቱንም እሷ፣ ጓሮውንም እሷ። እጄን ወደ አንድ ነገር ስዘረጋ ‹እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ ጋሼ ይቆጡኛል›። ሦስት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። ሰው ተቀመጪ ሲባል ተከበርሽ ማለት ይመስለዋል። አለቀልሽ ማለት ነው።»

ከሁሉ የባሰው ትርሲት ያኔውኑ «ዝም ብለሽ ተቀመጪ» ማለት ያለባት መሆኑ ነው። ወጥ ልታይ ብላ ወጣች፤ ማድቤት ውስጥ አስረስ አማቱ የፈቱትን የቃጫ ገመድ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሌላ ክራር ላይ ይጠመጥማል፤ ቃጫ ሲረጥብ ይሸመቀቃል፣ አጥብቆ ይይዛል። አንድም ነገር በዚያ ቤት ሥራ ፈትቶ አያድርም። ቆጮው እንኳ ገና ሳይጋገር እንደ ክብደት ክራር ላይ ተጭኖ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ሙስተፋ መጣ። ሙስተፋ ቀን ልብስ ሰፊ፣ ማታ የከተማው የባህል ቡድን ክራር መቺ ነው፤ የወይዘሮ ወርቅውሃ መቀመጫ የሆነው ክራር የእሱ ነው። አዲሱ ሺህ ዓመት ሊገባ ነው ተብሎ ቡታጅራ በሙሉ አጥርና ግንብ ቀለም ይቀባል፣ እሱም በዋዜማው ሕዝብ ፊት ሊመታ ነው። «አሰላሙ አለይኩም!» ብሎ በሩን ሲረግጥ ወይዘሮ ወርቅውሃ እንደ ወጉ «ኖር!» ብለው ብድግ ሊሉ ተንጠራሩ። ትርሲት ከማድቤት በሁለት እርምጃ ደርሳ በሁለት እጇ ትከሻቸውን ጨቁና አስቀመጠቻቸው።

«ምን ነካሽ? ሰው ሲገባ ልቀመጥ? ባለጌ ልታስብይኝ ነው?»

«በአላህ! አይነሡ እናቴ፣ አይነሡ» አለ ሙስተፋ፣ ለጨዋነቱ። ከዚያ ዐይኑ ወደ ብርድ ልብሱ ሥር ወረደ። ከብርድ ልብሱ ጫፍ የገዛ ክራሩ ሁለት ክንዶች ብቅ ብለው አየ። አስረስን ተመለከተ። አስረስ ጣሪያውን ተመለከተ። ሙስተፋ ጉንጩ ተነፍቶ፣ ደህና ነዎት፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ዝናቡስ እያለ፣ አንዱንም መልስ ሳይጠብቅ ወደ ውጭ ወጣ። ከአጥሩ ወዲያ የሳቀው ሳቅ መንገደኛውን ሁሉ አስቆመ። ወይዘሮ ወርቅውሃ «ምስኪን፣ ጤና የለውም መሰለኝ» አሉ። ሙስተፋ ግን አልሄደም፤ ልብስ ስፌቱን ትቶ ደጅ ላይ ተቀመጠ። የክራሩን ነገር ሳያይ እንቅልፍ አይወስደውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይሱዙው ጡሩንባውን እየነፋ ጭቃውን ለሁለት ከፍሎ ቆመ። ኃይሌ የተተኮሰ ሱሪውን ሰብስቦ ወረደ፤ ሁለት ጫኞችም ከኋላ ዘለሉ። የሚቸኩል ነጋዴ ነው፤ እናቱን ስሞ፣ እህቱን ስሞ፣ ለአስረስ እጁን ዘርግቶ «አቦ፣ ቶሎ ቶሎ በሉ፣ መኪናው ቆሞ በሰዓት ነው የሚበላው» አለ። አስረስ በሰኔ ወር፣ በሚያውቀው ሾፌር፣ አራት ሞርሳ እንዲያመጣለት ልኮበት ነበር። ኃይሌ አንድ አይሱዙ አመጣ።

«አልጋውን አንሡ» አለ ኃይሌ።

ጫኞቹ አልጋውን ከበቡት። አምስቱን ዘንግ ሲያዩ አንደኛው ራሱን ነቀነቀ፤ «ጋሼ፣ ይሄ አልጋ ጣሪያውን ተሸክሟል። ብናነሣው ቤቱ ይወርድብናል።» አስረስ ለኃይሌ ቀስ ብሎ ዘንጎቹ የሚጨቁኑት የሌላ ክራር ፊት መሆኑን፣ ነገ ጠዋት እንደሚፈታ ነገረው። «እሺ፣ አልጋው ይቆይ፤ ወንበሩን።» ወንበሩ ታስሯል። «ሌላውን ወንበር።» ጀሪካኑ እስከ ማታ አይነሣም። «ቡፌውን በቃ!» የቡፌው መሳቢያ የክራር ቀንበር ነክሶ ይዟል፤ ቢከፈት ይጣመማል። «ድስት!» ድስቱ ውስጥ ጠጠር ሞልቶ የሆነ ነገር ላይ ተቀምጧል። ኃይሌ በእያንዳንዱ እምቢታ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ትርሲት ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን ታያለች፤ ሳቋና ልቅሶዋ አንድ ላይ መጥተው የቱን ቀድማ እንደምትለቅ አላወቀችም። ከደጅ የሙስተፋ ጉሮሮ ሲጠራረግ ይሰማል።

«እና ምን ልጫን? አየሩን? እማዬ፣ ተነሺ እስቲ። አንቺ የተቀመጥሽበትን እንኳ እናውጣ። እየጫንን ነገሩ መልክ ይይዛል፤ የቀረውን ነቅለን ነው የምንወስደው።»

ወይዘሮ ወርቅውሃ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት አዘነበሉ። ብርድ ልብሱ ላላ አለ። ገና ሦስት ሰዓት ይቀራል። ትርሲት እጇን ወደ እናቷ ትከሻ ዘረጋች፤ ወንድሟን አየችና መለሰችው።

«አይነሡ!»

የተናገረው አስረስ ነው። ተናገረ እንኳ አይባልም፤ ጮኸ። ድምፁ ቆርቆሮው ላይ ደርሶ ተመለሰ። አማቱ ላይ! ጫኞቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ኃይሌ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ወይዘሮ ወርቅውሃ እንዳዘነበሉ፣ ሳይነሡም ሳይቀመጡም፣ አራት ዓመት ሙሉ የጸጉሩን አናት ብቻ የሚያውቁትን ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። ፊቱ ቀልቷል፤ ግን ዐይኑን ከዐይናቸው አላነሣም። «እባክዎ አይነሡ፣ እማማ» አለ፣ አሁን ዝቅ ብሎ። «ከተነሡ ይከፈታል።»

«ምኑ ነው የሚከፈተው?» አሉ። ለትርሲት አይደለም፤ ለእሱ።

ነገራቸው። ማዕዘኑን፣ ኮላውን፣ ሁለቱን የተከፈቱ ክራሮች፣ የመጁን ድንጋይ፣ ዝናቡን፣ ለኃይሌ የሰጠውን ቃል፣ የላከበትን ሞርሳ። አራት ዓመት ያጠራቀመውን ወሬ በአንድ ትንፋሽ አወጣው። ሲጨርስ ወይዘሮ ወርቅውሃ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ተቀመጡ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ገልጠው ከሥራቸው አዩ። የክራሩን ክንድ በሁለት ጣት ነካ አደረጉት። ትርሲት ቁጣውን ጠበቀች፤ እርግማንም ሊመጣ ይችላል ብላ ፈራች።

«ከጠዋት ጀምሮ?» አሉ።

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«በድንጋይ እምቢ ብሎ?»

«በድንጋይም፣ በጀሪካንም እምቢ ብሎ። እርስዎ ሲቀመጡ ነው የተዘጋው።»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ሆዳቸው ነው። ከዚያ ትከሻቸው። ወዲያው ወይዘሮ ወርቅውሃ አንድ ጊዜ «እህ!» አሉና ሳቁን ለቀቁት፣ እንባቸው በጉንጫቸው እስኪወርድ። ትርሲት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ጫኞቹ አልጋውን ተደገፉ፣ ሙስተፋ በሩን ገፍቶ ገባ፤ ከእንግዲህ ማን ያስቆመዋል? ኃይሌ ብቻ ኮስተር ብሎ ለመቆየት ሞከረ፤ እሱም አልቻለበት። አስረስ አንገቱን ሊደፋ ሲል አማቱ አገጩን በእጃቸው ያዙ። «እንዳትደፋ! አሁን ፊትህን አየሁት፣ አትመልሰውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀመጪ እየተባልኩ የተቀመጥኩት ለማንም አልጠቀመም። ዛሬ ተቀምጬ ሠራሁ እንዴ? ምነው በጠዋት በነገራችሁኝ፣ ደልደል ብዬ እቀመጥ ነበር!»

«እማዬ፣ መኪናው…» አለ ኃይሌ።

«መኪናህን ይዘህ ሂድ። ቃሉ እስከ አዲስ ዓመት ነው፣ አዲስ ዓመት ገና ነው። ይህን ቤት የምትነቅል ከሆነ መጀመሪያ እኔን ትነቅላለህ። ይህ ብረት፣ ምን ነበር ያለህ… ሞርሳ፣ እሱን ጠይቆህ ምነው ሳታመጣ መኪና አመጣህ? ስትመለስ አራት አምጣለት።»

«አንቺስ? ጥያ አላደርስሽም?»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ኃይሌ ሄደ። መኪናው ባዶ እንዳይሆን ሙስተፋ መርካቶ የሚደርስ ሁለት ጆንያ በርበሬ አፈላልጎ ጫነለት። ከዚያ ጠበቁ። ወይዘሮ ወርቅውሃ አንዴም ሳይነቃነቁ፣ መክሰሳቸውን ጉልበታቸው ላይ በልተው፣ ለሚገባ ለሚወጣው ጎረቤት ሁሉ «ኖር ብያለሁ፣ መነሣት ግን አልችልም፣ ሥራ ላይ ነኝ» እያሉ ቆዩ። ሊመሽ ሲል አስረስ ፊት ለፊታቸው ቆመና በሁለት እጁ ክንዳቸውን ይዞ «አሁን ይነሡ፣ እማማ» አለ። ብርድ ልብሱ ተነሣ፣ ጣውላው ተነሣ። አስረስ ግራውን ማዕዘን በጥፍሩ ሞከረው፤ ጥፍሩ መግቢያ አጣ። ሙስተፋ በጣቱ ጀርባ ፊቱን መታ አደረገው፤ ድም አለ፣ እንደ ጣሳ ሳይሆን እንደ ክራር። ትርሲት የባሏን ፊት አየች፤ ያ ፊት ነው። እናቷም እያዩት መሆኑን ስታውቅ፣ እስከዛሬ ብቻዋን ያየችውን ነገር ለሌላ ሰው በማካፈሏ ቅር አላላትም፣ እንዲያውም ዘለለች። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ትከሻዋ የነካው አንድ ዘንግ ከጣሪያው ተፈናጥሮ ወደቀ። የአልጋው ክራር አንዱ ጠርዝ ተነሣ።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ወገባቸውን አሸት አሸት አድርገው ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«በል አምጣው» አሉ አማቻቸውን። «ትራስ ግን ጨምርበት።»